የቱርቦ ሰዎች ቋንቋ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬ ጋራዥ ውስጥም ሆነ ሐረር መንገድ ላይ ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበድ ያለው እንሄዳለን።

ቱርቦ ምንድን ነው? መኪናዬ ቱርቦ እንዳለው በምን አውቃለሁ?

ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው። ብዙ አየር ካገኘ ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ጉልበቱም ይጨምራል። የቱርቦ ሥራ አየሩን ጨምቆ በግድ ወደ ሞተሩ ማስገባት ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ተርባይን የሚባለውን ምላጭ ያሽከረክራል። በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ላይ ኮምፕሬሰር አለ፤ እሱ ንጹሑን አየር ይገፋል። በማርሚታ ወጥቶ ይባክን የነበረ ጉልበት ነው ሥራ ላይ የሚውለው። የሐሳቡን ፓተንት ያወጣው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1905።

ለማወቅ ኮፈኑን ክፈቱ። ከአየር ማጣሪያው ሳጥን የሚወጣውን ወፍራም ቱቦ በዓይናችሁ ተከተሉ። በቀጥታ ሞተሩ ውስጥ ከገባ ቱርቦ የለም። መጀመሪያ ከጭስ ማስወጫው አጠገብ ወደ ተጣበቀ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ተጠቀለለ ብረት ከሄደ አለ። ይህን የአየር መንገድ አንድ ጊዜ በጣት እየነኩ ያየ ሰው፣ ከዚህ በታች ያሉት አሕጽሮቶች ሁሉ የት እንደሚቀመጡ ይገባዋል። አብዛኞቹ ስሞች የዚያ መንገድ ፌርማታዎች ናቸው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን እንጂ፤ የተርባይኑ ጎን ያቃጥላል።

ኤንኤ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ቱርቦ የሌለው ሞተር ማለት ነው። ፒስተኑ ሲወርድ አየሩን ራሱ ይስባል፤ የሚገፋለት የለም። ከተማው ውስጥ የሚሮጡት ቪትዞች፣ ለዓመታት የሐረር ታክሲ የነበሩት ፔጆ 404ዎች ኤንኤ ናቸው። ባለ 1ኤችዜድ ሞተሩ ላንድክሩዘርም እንደዚያው ነው። 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው፣ ቱርቦ ግን የለውም።

በቱርቦ ወዳጆች መካከል ኤንኤን የማናናቅ ልማድ አለ። ትክክል አይመስለኝም። 1ኤችዜድ ፈጣን አይደለም። ግን በአቧራና በመጥፎ መንገድ ላይ ያሳየውን ጽናት ከእኛ አካባቢ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ልዩነት እዚሁ እንያዝ፦ ሱፐርቻርጀርም አየር ይገፋል፣ ግን የሚሽከረከረው በጭስ ሳይሆን በሞተሩ ቺንጋ ነው። ያኛው ሌላ ዕቃ ነው።

ከሞተር ቁጥሩ ማወቅ ይቻላል?

በቶዮታ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ከሰረዙ በኋላ ያሉትን ፊደላት እዩ። «ቲ» ካለ ቱርቦ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ቪ» በናፍጣ ሞተር ላይ ኮመን ሬል መሆኑን ይነግራል፤ ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ተጠራቅሞ ወደ መርጫዎቹ፣ ወደ ኢንጀክተሮቹ፣ የሚሄድበት ዘዴ ነው። ስለዚህ 2ኬዲ-ኤፍቲቪ ቱርቦ ያለው የኮመን ሬል ናፍጣ ነው። ቪኤይት የምንለው ላንድክሩዘር 200 የሚይዘው 1ቪዲ-ኤፍቲቪ ደግሞ 4.5 ሊትር ሆኖ ሁለት ቱርቦ አለው። ያው ሞተር በ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ላይ ሲመጣ አንድ ቱርቦ ብቻ ነው ያለው። ይህን ሳያውቁ መለዋወጫ የሚያዝዙ ሰዎች አሉ። አይሱዙም ተመሳሳይ ልማድ አለው፦ 4ኤችጂ1 ኤንኤ ነው፣ 4ኤችጂ1-ቲ ባለ ቱርቦ።

ሞተሩ ላይ የተቀረጸውና ሊብሬ ላይ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው፤ «2ኬዲ» ብሎ ቁጥሩ ይከተላል። ሙሉውን ስም ኮፈን ውስጥ ከተለጠፈው ፕሌት አንብቡ።

ዲ-ፎር-ዲ፣ ቲዲአይ፣ ሲአርዲአይ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የኩባንያ ስያሜዎች ናቸው። ዲ-ፎር-ዲ የቶዮታ፣ ቲዲአይ የቮልስዋገን፣ ሲአርዲአይ የሃዩንዳይና የኪያ ነው። ሦስቱም ናፍጣ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭበት ሞተር ማለት ናቸው። ዲ-ፎር-ዲና ሲአርዲአይ ኮመን ሬል ናቸው፤ የናፍጣው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይወጣል። በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ለእነዚህ ሞተሮች የሚያሰጋው ለዚህ ነው። ትንሽ ውኃና ቆሻሻ ኢንጀክተሩን ይበላዋል።

ቡስት ምንድን ነው? ባርና ፒኤስአይስ?

ቡስት ቱርቦው ከውጭው አየር ግፊት በላይ የጨመረው ግፊት ነው። የሚለካው በባር ወይም በፒኤስአይ ነው። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው፤ በኪሎፓስካል ደግሞ 100። ጎሚስታ ጋ ጎማ ስታስነፉ የምትሰሙት ፒኤስአይ ይኸው ራሱ ነው።

ሰው የሚምታታው ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፈው የቡስት ጌጅና የመመርመሪያ ኮምፒውተሩ የተለያየ ቁጥር ሲያሳዩ ነው። ጌጁ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ያሳያል። ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ጠቅላላውን ግፊት ያሳያል፤ የውጭው አየርም ተደምሮበት ማለት ነው። ድሬ ላይ ጌጁ 1 ባር ሲል ኮምፒውተሩ 188 ኪሎፓስካል ቢል ሁለቱም ልክ ናቸው።

ከድሬ ወደ ሐረር ስወጣ የቱርቦው ቁጥሮች ይቀየራሉ?

አዎ። ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የእኛ ነው። ሌላ አገር ቁጭ ብለው የሚመክሩ ሰዎች ደንገጎን፣ ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ዳገት፣ አያውቁትም። ጅቡቲ ባሕር ጠርዝ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት 1.01 ባር ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወደ 0.88 ይወርዳል። ዳገቱን ጨርሳችሁ ሐረማያ አካባቢ ስትደርሱ፣ 2,000 ሜትር ግድም፣ 0.80 ይሆናል። ሐረር ትንሽ ዝቅ ስለምትል 0.81 ነው። ኤንኤ ሞተር ጉድለቱን በቀጥታ ይቀበላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አሥር በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። አቦ፣ ቪትዝ አምስት ሰው ጭኖ ደንገጎን ሲወጣ ማየት ይበቃል።

ቱርቦ ጉድለቱን ይሞላል፣ ለመሙላት ግን የበለጠ ይለፋል። ልፋቱ የሚለካው በፕሬሸር ሬሾ ነው፤ ፒአር ይሉታል። ከቱርቦው የሚወጣው ጠቅላላ ግፊት ለሚገባው ሲካፈል ማለት ነው። 1 ባር ቡስት ጅቡቲ ላይ ፒአሩ 2 ነው። ድሬ ላይ 2.14 ይሆናል። ሐረማያ ላይ 2.25። ጌጁ ላይ ያለው ቁጥር አልተቀየረም። ቱርቦው ግን በፍጥነት መሽከርከር አለበት፣ አየሩም በበለጠ ይሞቃል። ባሕር ጠለል ላይ የሚኖር ሰው «1.4 ባር ምንም አይልም» ሲል ለእሱ ፒአሩ 2.4 ነው። እኛ ደጋው ላይ ያንኑ ብንደግም 2.75 እንደርሳለን። ለትንሽ ቱርቦ ይህ ብዙ ነው። የሰው ቁጥር ከመቅዳታችሁ በፊት ሰውየው የት እንደሚነዳ ጠይቁ።

ሙቀትም አየርን ያሳሳል። ድሬ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ስትሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሐረር በ20 ዲግሪ 0.96 ኪሎ ገደማ ነው። ከፍታቸው ያን ያህል ተለያይቶ በሙቀቱ ምክንያት አየራቸው ሊቀራረብ ምንም አልቀረውም። «ድሬ ቆላ ስለሆነች ሞተር ይጎለብትባታል» የሚለው ወሬ ለጠዋቱ ይሠራል፣ ለስምንት ሰዓት ግን አይሠራም።

ላግና ስፑል ምንድን ናቸው?

ነዳጅ ረግጣችሁ ጉልበቱ እስኪመጣ ያለችው ቆይታ ላግ ናት። ቱርቦው ፍጥነት እየሰበሰበ ግፊት መፍጠር ሲጀምር ስፑል አደረገ ይባላል። የመኪና ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፣ ትናንሾቹ 200,000ን ያልፋሉ። እዚያ ለመድረስ በቂ ጭስ ያስፈልገዋል።

ከላግ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ፤ ቡስት ትሬሽሆልድ። ሞተሩ ከአንድ የዙር መጠን በታች ከሆነ የቱንም ያህል ብትጠብቁ ቱርቦው ግፊት አይሰጥም፤ ጭሱ አይበቃውም። ደንገጎ ላይ በአራተኛ ማርሽ 1,200 ዙር ላይ ነዳጁን እስከ ወለል ረግጦ «ቱርቦው ሞቷል» የሚል ሹፌር ችግሩ ይህ ነው። ማርሽ ቀንሱ። ከዚያ በኋላም ካልመጣ ስለ ብልሽት እናውራ።

ዌስትጌት፣ አክቹዌተር፣ ቪጂቲ ሲባል?

ቱርቦ ልጓም ካልተበጀለት ግፊቱ እየጨመረ ሞተሩን ይጎዳል። ዌስትጌት በር ነው። ግፊቱ ከተፈቀደው ሲደርስ ይከፈትና ከፊሉ ጭስ ተርባይኑን ሳይነካ እንዲያልፍ ያደርጋል። በሩን የሚከፍትና የሚዘጋው ዘንግ ያለው ዕቃ አክቹዌተር ይባላል።

ቪጂቲ ወይም ቪኤንቲ ሌላ ዘዴ ነው፤ ሁለቱም ስሞች አንድን ነገር ይጠራሉ። ተርባይኑ ዙሪያ ትናንሽ የሚንቀሳቀሱ ምላጮች አሉ። ጭሱ ሲያንስ ጠበብ፣ ሲበዛ ሰፋ ይላሉ። ባለ 3.0 ሊትሩ ሃይሉክስ 1ኬዲ እንዲህ ያለ ቱርቦ አለው። ላጉ ያነሰ ነው። ድክመቱ ጥቀርሻ ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ ቀስ እያሉ የሚነዱት ቪጂቲ ምላጮቹ በጥቀርሻ ይያዛሉ፤ አንዴ ግፊት ይበዛል፣ አንዴ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ማጽዳት ይበቃዋል። መካኒኩ ሳይፈታ «ይቀየር» ካለ ሌላ ሰው አሳዩ።

ያ «ፕሽ!» የሚለው ድምፅ ከየት ነው የሚመጣው? ለእኔ ናፍጣስ ይገጠምለታል?

ቢኦቪ ነው፤ ብሎውኦፍ ቫልቭ። በቤንዚን መኪና እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ወደ ሞተሩ የሚወስደው የአየር በር ይዘጋል። ቱርቦው ግን ገና እየተሽከረከረ ነው። የተጨመቀው አየር መሄጃ ሲያጣ ተመልሶ ኮምፕሬሰሩን ይመታል። ቢኦቪ ያንን አየር ወደ ውጭ ይለቀዋል። ዲቪ የሚባለው ደግሞ ወደ ውጭ ሳይሆን ከቱርቦው በፊት ወዳለው ቱቦ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ቱ-ቱ-ቱ» የሚለው የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ግን ቫልቭ አይደለም። ሰርጅ ይባላል፤ አየሩ ኮምፕሬሰሩን ወደ ኋላ ሲመታው የሚሰማ ነው።

የናፍጣ ሞተር ጉልበቱን የሚቆጣጠረው በናፍጣው መጠን እንጂ አየሩን በመዝጋት ስላልሆነ ቢኦቪ አያስፈልገውም። ለናፍጣ ፒካፕ ለድምፅ ብቻ የሚሸጡ ዕቃዎች አሉ። ጥቅማቸው ጆሮ ላይ ብቻ ነው፤ የሚያፈስ መገጣጠሚያ ግን ይጨምራሉ። ገንዘባችሁን ለጥሩ የአየር ማጣሪያ አውሉት።

ኢንተርኩለር፣ ቲኤምአይሲ፣ ኤፍኤምአይሲ?

አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። ከቱርቦው የሚወጣው አየር ከ100 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። የሞቀ አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ የቱርቦው ልፋት ከፊሉ ይባክናል። ኢንተርኩለር ይህን አየር ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር መሰል ዕቃ ነው። ሞተሩ ላይ ከተቀመጠ ቲኤምአይሲ፣ ፊት ለፊት ራዲያተሩ ጋ ከሆነ ኤፍኤምአይሲ ይባላል። ቪጎ ሃይሉክስ 3.0 ኮፈኑ ላይ ያለው የአየር መግቢያ ለጌጥ አይደለም፤ ከሥሩ ኢንተርኩለሩ አለ። በተቃራኒው የመጀመሪያዎቹ ባለ 102 ፈረስ ጉልበት 2ኬዲ ሃይሉክሶች ኢንተርኩለር የላቸውም።

ኢንተርኩለር አየሩን ከውጭው ሙቀት በታች ሊያወርድ አይችልም። ድሬ ላይ ያ ወለል ራሱ ከፍ ያለ ነው። ሞተሩ ላይ የተቀመጠው ደግሞ መኪናው ሲቆም የሞተሩን ትኩሳት ይጠጣል። ከዚራ መብራት ላይ ቆማችሁ ስትነሱ ለጥቂት ጊዜ ጉልበቱ የላላ ቢመስላችሁ ብልሽት አይደለም። የፊት ለፊቱን ግን አጥቡት። የድሬ አቧራና የመንገዱ ነፍሳት ክንፎቹን ይደፍናሉ። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ ውኃ። ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ ክንፎቹን ያጣምማቸዋል።

መኪናዬ ሊምፕ ሞድ ገባ፤ ኮዱ ፒ0299 ነው ተባልኩ። ቱርቦው ሞቷል ማለት ነው?

ገና አልታወቀም። ኢሲዩ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ማፍ ሴንሰር የሚገባውን አየር ይመዝናል፣ ማፕ ሴንሰር ግፊቱን ያነባል። የሚነበበውና የሚጠበቀው ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ኢሲዩው ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ሊምፕ ሞድ የሚሉት ይህ ነው። ፒ0299 ግፊት አነሰ፣ ፒ0234 ግፊት በዛ ይላል። ኮዱ የሚናገረው ውጤቱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይነግርም። ኮድ ተነቦ ወዲያው ቱርቦ ሲታዘዝ ማየት ያበሳጨኛል። ቱርቦ ውድ ነው። የላላ ፋሸታ ደግሞ በጠመንጃ መፍቻ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ሴንሰሩን ፈትሹ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ የማፕን ንባብ እዩ። ድሬ ላይ 88 ኪሎፓስካል አካባቢ፣ ሐረር ላይ 81 አካባቢ ማለት አለበት። ድሬ ቆማችሁ 101 ካለ ሴንሰሩ ይዋሻል።

ቀጥሎ አየር የሚያፈስ ቦታ ፈልጉ፤ ቡስት ሊክ ይሉታል። ከአየር ማጣሪያው በኋላ ያለውን ቱቦ ክዳን ገጥማችሁ ዝጉትና ከጎሚስታ ኮምፕሬሰር በቀስታ 0.5 ባር አስገቡ። ከዚያ በእያንዳንዱ ማኒኮቶና መገጣጠሚያ ላይ የኦሞ ውኃ በብሩሽ ቀቡ። የሚያፈስበት ቦታ አረፋ ያወጣል። አብዛኛውን ጊዜ አረፋው የሚወጣው ማኒኮቶው ከታች በኩል ነው፤ በዘይት ርሶ የላሸቀበት፣ ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስልበት ቦታ። በእጅ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ስንጥቁ ይከፈታል።

ኢጂቲ፣ ኤኤፍአር፣ ኖክ?

ኢጂቲ የጭሱ ሙቀት ነው። ከተርባይኑ በፊት ይለካል። በናፍጣ ለረጅም ዳገት 700 ዲግሪ አካባቢን እንደ ጥንቃቄ መስመር ብትይዙ አትሳሳቱም። ጭነት ይዞ ደንገጎን የሚወጣ ሰው ከቡስት ጌጅ ይልቅ የኢጂቲ ጌጅ ቢገጥም ይሻለዋል።

ኤኤፍአር የአየርና የነዳጅ ምጣኔ ነው፤ በክብደት። ለቤንዚን ሚዛኑ 14.7 ለ 1 ነው። ቱርቦው ሙሉ ግፊት ሲሰጥ ወደ 12 ዝቅ ይደረጋል፣ ትርፉ ነዳጅ ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛል። ቁጥሩ ሲያንስ፣ ማለትም ነዳጁ ሲበዛ፣ ሪች ይባላል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ሊን። በቡስት ላይ ሊን መሆን ለቤንዚን ሞተር አደገኛ ነው፣ ኖክን ይጠራል። ኖክ ነዳጁ ያለ ሰዓቱ በራሱ ሲፈነዳ ነው፤ ቺርቺር የሚል የብረት ድምፅ አለው። ፒስተን ይበሳል። ናፍጣ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ አየር መብዛቱ ያቀዘቅዘዋል፣ ናፍጣ መብዛቱ ያሞቀዋል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋ አይሱዙ ጉልበት እያሳየ አይደለም፤ አየር ጎድሎት ናፍጣ እያባከነ፣ ተርባይኑንም እየጠበሰ ነው።

ሞተሩን ከማጥፋቴ በፊት ማቆየት አለብኝ?

ከየት እንደመጣችሁ ይወሰናል። የቱርቦው ዘንግ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ይቆማል። ተርባይኑ የጋለ ከሆነ የቀረው ዘይት ያርርና ከሰል ይሆናል፤ ቀጭኗን የዘይት መግቢያ ይደፍናል። ቱርቦ ታይመር የሚባለው ዕቃ ቁልፉን ካወጣችሁ በኋላ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ነው።

ከሐረር ወደ ድሬ ስትወርዱ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዛችሁት ስለምትመጡ ቱርቦው ቀዝቅዟል፤ ደርሳችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ። ከድሬ ወጥታችሁ ሐረር ድረስ ከሄዳችሁም ከሐረማያ በኋላ ያለው መንገድ ያቀዘቅዘዋል። አደገኛው ቦታ ደንገጎ ጫፍ ነው። ዳገቱን በሙሉ ጉልበት ጨርሶ ሻይ ለመጠጣት ወይም ዕቃ ለመግዛት ገታ አድርጎ ማጥፋት። እዚያ ሁለት ደቂቃ ታገሱ። በሁለት ደቂቃ የሚቃጠለው ነዳጅ ከተደፈነ ዘይት መግቢያ አይብስም።

መካኒኩ «ቱርቦው ዘይት ይጥላል፣ ፕሌይ አለው» አለኝ። እንዴት አረጋግጣለሁ?

ፕሌይ የዘንጉ መነቃነቅ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከአየር ማጣሪያ የሚመጣውን ቱቦ ከቱርቦው አፍ አውልቁ። የኮምፕሬሰሩን መሃል በሁለት ጣት ያዙ። ወደ ጎን ስታንቀሳቅሱት ትንሽ ይነቃነቃል። ይህ ጤነኛ ነው፤ በዘይት የሚንሳፈፍ ዘንግ ዘይቱ ሳይኖር ክፍተት አለው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትስቡት ግን ጭራሽ ሊሰማችሁ አይገባም ማለት ይቻላል። ምላጮቹ ግድግዳውን የነኩበት ጭረት ካለ አልቋል። የምላጮቹንም ጠርዝ ዳስሱ። አቧራ የበላው ጠርዝ ስሱና ሸካራ ይሆናል፤ እሱ የመጥፎ ማጣሪያ ምልክት ነው።

ቱቦው ውስጥ ስስ የዘይት ቅባት ማየት የተለመደ ነው፣ ከሞተሩ መተንፈሻ ይመጣል። የተጠራቀመ ዘይት ካለ ግን ምክንያቱን ፈልጉ። የቱርቦው ዘይት መመለሻ ቱቦ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ወይም የፒስተን ፋሻ አልቆ ሞተሩ ከውስጥ ግፊት እየያዘ ዘይቱ መውረጃ አጥቷል። እንዲህ ከሆነ አዲስ ቱርቦ ብትገጥሙም በሳምንቱ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ «ዕቃው ፎርጅድ ነበር» ተብሎ ይታለፋል። ቱርቦ በራሱ የሚሞተው ጥቂት ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚገድለው የዘይት እጦት፣ ቆሻሻ ዘይት ወይም አቧራ ነው። ገዳዩ ሳይያዝ ዕቃ አይገዛም።

እውነት ካለቀ ሁልጊዜ ሙሉውን መግዛት የለባችሁም። ሲኤችአርኤ ወይም ካርትሪጅ የሚባለው መሃለኛው ክፍል፣ ዘንጉ ከነኩሽኔታውና ከሁለቱ ምላጮች ጋር፣ ለብቻው ይሸጣል። ሚዛኑ በማሽን የተስተካከለ መሆኑን ጠይቁ። ኦኢኤም ማለት መኪናውን የሠራው ኩባንያ የሚጠቀምበት አምራች ዕቃ ነው፤ ጋሬት፣ አይኤችአይ፣ ቦርግዋርነር፣ ሆልሴት የታወቁት ናቸው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ፣ ያሉትን በእውቀት ማቆየት የበለጠ ዋጋ አለው።

ኢጂአርና ዲፒኤፍ ይዘጉ ይባላል። ልዝጋቸው?

ኢጂአር ከፊሉን ጭስ መልሶ ወደ ሞተሩ ያስገባል፤ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ለመቀነስ ነው። ዲፒኤፍ ጥቀርሻ የሚያጠምድ ማጣሪያ ነው፤ ሁሉም ናፍጣ መኪና የለውም። ሁለቱም ሲቆሽሹ ቱርቦውን ያስቸግራሉ። እኔ አጽዱ እንጂ አትዝጉ እላለሁ። መጋላ ጠባብ መንገድ ላይ ያ ጭስ የሚገባው ሕፃናት ሳንባ ውስጥ ነው። ዲፒኤፍ ያለው መኪና ካላችሁ በየጊዜው ረዘም ያለ መንገድ በደንብ ንዱት፤ ጥቀርሻውን ራሱ ያቃጥላል።

ስቴጅ ዋን፣ ስቴጅ ቱ ምንድን ናቸው? ሪማፕ ላስደርግ?

ሪማፕ የኢሲዩውን ፕሮግራም መቀየር ነው። በልማድ ስቴጅ ዋን ፕሮግራም ብቻ ተቀይሮ ሌላ ዕቃ ሳይነካ ማለት ነው። ስቴጅ ቱ የማርሚታውን የፊት ክፍል፣ ማለትም ዳውንፓይፑን፣ ወይም ኢንተርኩለሩን ይጨምራል። ስቴጅ ስሪ ትልቅ ቱርቦ ነው። የተደነገገ መለኪያ የላቸውም፣ እያንዳንዱ ሻጭ የራሱን ይላል። ስለዚህ «ስቴጅ ቱ ነው» ያላችሁን ሰው ምን እንደተቀየረ በዝርዝር አስቆጥሩት።

ላስደርግ ወይ ለሚለው፦ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ብቻ የሚጭን ሰው ጋ አይሆንም። ፋይሉ የተሠራው ለሌላ ከፍታና ለሌላ ነዳጅ ሊሆን ይችላል። የሚሠራው ሰው ኢጂቲ ወይም ኤኤፍአር እየለካ፣ መኪናውን ዳገት ላይ እየነዳ፣ ንባቡን እየመዘገበ መሆን አለበት። ያንን የማያደርግ ከሆነ ፋብሪካው ያስቀመጠው ይሻላል።

ቱርቦ ስገዛ ጂቲ2860፣ ኤ/አር 0.64 የሚል አየሁ። ምን ማለት ነው?

በጋሬት አጠራር ጂቲ28 የቱርቦው ቤተሰብ ነው፣ የተርባይኑን መጠን ይናገራል። 60 የኮምፕሬሰሩ ምላጭ ትልቁ ዲያሜትር በሚሊሜትር ነው። መጨረሻ ላይ «አር» ካለ ዘንጉ የተያዘው በቦል ቤሪንግ፣ ባለ ኳስ ኩሽኔታ፣ ነው፤ ዘንጉ በዘይት ላይ ብቻ ከሚንሳፈፍበት ከተለመደው ጆርናል ቤሪንግ ፈጥኖ ይነሳል፣ ዋጋውም ይወደዳል።

ኤ/አር የተጠቀለለው ቤት የውስጥ ስፋት ከመሃል ላለው ርቀት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። ዋናው የተርባይኑ በኩል ያለው ነው። ትንሽ ከሆነ ጭሱ ጠባብ ቦታ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ቱርቦው ቶሎ ይነሳል፤ ከላይ ግን ያንቃል። ትልቅ ከሆነ ላጉ ይጨምራል፣ ከፍ ባለ ዙር ይተነፍሳል። ለውድድር ሜዳ ትልቁን የሚመርጡ አሉ። ጭነት ይዞ ከ1,500 ዙር ጀምሮ ዳገት ለሚገፋ መኪና ትንሹ ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት የኮምፕሬሰሩን ማፕ ጠይቁ፤ እዚህ ማፕ ሴንሰሩ ሳይሆን የአየር መጠንና ፒአር የተሳሉበት ሠንጠረዥ ነው። ሻጩ ፒአር 2.0 ላይ ጣቱን ካሳረፈ እናንተ ወደ 2.25 ውሰዱት፤ ነጥቡ እዚያም ሆኖ ከመስመሩ ውጭ ካልወጣ ግዙት።